ፊሊስ ዊትሊ፦ በመርከብ ስም የተጠራችው ባለቅኔ

በዘንድሮው መጽሔታችን የሕይወት ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ሰው ፊሊስ ዊትሊ ትባላለች። ባለቅኔ ነበረች። በዚህ ዓለም የኖረችው ሠላሳ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ካረፈች ከ240 ዓመት በላይ ቢሆንም ስሟ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይነሣል።

እሷን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ አሜሪካ ነጻነት ስንማር አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ለምን እንደተነሡ፣ ስለ ቀረጡ፣ ወደ ባሕር ስለተጣለው ሻይ ቅጠልና ስለ ጄኔራል ዋሺንግተን እናነባለን። ስሞቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ለፈተና ይጠናሉ፤ ከፈተና በኋላ ይረሳሉ። ፊሊስ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ቦስተን ከተማ ውስጥ፣ ብዙው ነገር በተፈጸመበት ጎዳና ላይ ትኖር ነበር። ነጻነት የሚለው ቃል በየአደባባዩ ሲጮኽ እሷ ራሷ በገንዘብ የተገዛች ባሪያ ነበረች። ስለዚህ የእሷን ሕይወት ስንከተል የዚያን ዘመን ጥያቄ ከሁለት ወገን እናየዋለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን።

መርከቢቱና ልጅቷ

ፊሊስ የተወለደችው በ1753 ገደማ በምዕራብ አፍሪካ፣ ምናልባትም ዛሬ ሴኔጋልና ጋምቢያ በሚባሉት አገሮች አካባቢ ነው። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የመዘገበ ሰው የለም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆናት ከቤተሰቧ ተነጥቃ ለባሪያ ነጋዴዎች ተሸጠች። የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጣ ቦስተን ወደብ የደረሰችው በጁላይ 1761 ነው። ያመጣቻት መርከብ ፊሊስ ትባል ነበር። የገዟት ሰዎችም ይህንኑ የመርከቢቱን ስም አወጡላት። ዊትሊ የሚለው ደግሞ የጌታዋ የቤተሰብ ስም ነው። ሁለቱም ስሞቿ የመጡት ከባርነቷ ነው ማለት ነው።

ዕድሜዋን የገመቱት የፊት የወተት ጥርሶቿ መውለቃቸውን አይተው ነው። ያን ቀን ገላዋን የሸፈነው አንድ ቁራጭ አሮጌ ምንጣፍ ብቻ እንደነበረ በኋላ ተጽፏል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን እናስብ። ሲስቁ የወለቀ ጥርሳቸው ቦታ የሚታየን ልጆች ናቸው። ፊሊስ ለሽያጭ የቀረበችው በዚህ ዕድሜ ነበር።

ከትውልድ አገሯ ይዛው የቀረችው ትዝታ አንድ ብቻ እንደነበረ ይነገራል። እናቷ በየማለዳው፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ በፀሐይዋ ፊት ውኃ ታፈስ ነበር። ሌላው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፍቷል።

የቦስተን ኑሮ

ቦስተን በዚያን ጊዜ ወደ 15 ሺህ ሰው የሚኖርባት የወደብ ከተማ ነበረች። ኑሮዋ በባሕር ላይ የቆመ ነበር። ዓሣና እንጨት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይጫናል፤ ከዚያ የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ ይመጣል፤ ከሞላሰሱ ሩም የሚባል አረቄ ይወጣል። የዚህ አረቄ ከፊሉ ደግሞ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ተጭኖ በሰው ይለወጣል። የነጻነት መነሻ እየተባለች የምትወደሰው ከተማ ከሰው ንግድ እጇ ንጹሕ አልነበረም።

ጆን ዊትሊ ልብስ ሰፊና ነጋዴ ነበር። ቤቱ ኪንግ በሚባለው፣ ማለትም በንጉሥ ስም በተጠራው የከተማው ዋና ጎዳና ላይ ይገኝ ነበር። ፊሊስን የገዛት ሚስቱን ሱዛናን እንድታገለግል ብሎ ነው። ሜሪና ናትናኤል የሚባሉ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ መንታ ልጆች ነበሯቸው።

አዲሷ ልጅ ብዙም ሳትቆይ በከሰል ወይም በጠመኔ ግድግዳ ላይ ፊደል ለመጻፍ ስትሞክር ታየች ይባላል። ሜሪ ይህን አይታ ማንበብ አስተማረቻት። ጌታዋ በኋላ እንደመሰከረው፣ በመጣች በ16 ወር ውስጥ እንግሊዝኛን አውቃ ከመጽሐፍ ቅዱስ ከባድ የተባለውን ክፍል ሁሉ ማንበብ ቻለች። ከዚያ ላቲን ጀመረች፤ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ሥራም በእንግሊዝኛ ትርጉም አነበበች። በዚያ ዘመን በብዙ ቅኝ ግዛቶች ለባሪያ ልጅ ይህን ያህል ትምህርት መስጠት የማይታሰብ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችን ልጆች ይታወሱናል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ በመንገድ የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ፣ በክፍል እንግሊዝኛ ሲናገሩ ይውላሉ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የእኛ ልጆች አንዱን ቋንቋ ሲይዙ ሌላውን እንዳይለቁ ቤተሰብና ትምህርት ቤት ይተባበራሉ። የፊሊስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን የትኛው እንደነበረ እንኳ አልተጻፈም።

በዊትሊ ቤት እንደ ሌሎቹ አገልጋዮች ከባድ ሥራ አይሰጣትም ነበር። ሌሊት የመጣላትን ሐሳብ እንድትጽፍ በክፍሏ ሻማና እሳት ይፈቀድላት እንደነበረ ይተረካል። ይሁን እንጂ የቤቱ ልጅ አልነበረችም። ታላላቅ ሰዎች ግጥሟን ለመስማት ሲጋብዟት ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አልቀመጥም ብላ ለብቻዋ ትንሽ ጠረጴዛ ትጠይቅ ነበር ይባላል። ቦታዋ የት እንደሆነ ሌሎች እስኪነግሯት ድረስ አልጠበቀችም። ከነጮቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አትቆጠርም፤ ከሌሎቹ ባሮችም ተለይታለች።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ አንባቢዎች እንንገር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ከቦስተን ማዶ ላለው የሃርቫርድ ኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ግጥም ጽፋ ነበር። በግጥሙ ውስጥ ትምህርት ያገኙት ወጣቶች ዕድላቸውን እንዳያባክኑ ትመክራቸዋለች፤ ራሷንም ኢትዮጵያዊት ብላ ትጠራለች። ይህ ማለት ከእኛ አገር መጣች ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነቡ ሰዎች ጥቁር አፍሪካዊን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። እሷም ስሙን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ክብር ይዛ፣ ኮሌጅ ገብታ መማር የማይፈቀድላት ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪዎችን ገሠጸችበት።

ቀረጥና ወታደር

እንግሊዝ በ1763 ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን የሰባት ዓመት ጦርነት በድል ስትጨርስ ትልቅ ዕዳ ተሸክማ ነበር። የለንደን ፓርላማ ከዕዳው የተወሰነውን ቅኝ ግዛቶቹ እንዲሸከሙ ፈለገ። በ1765 የቴምብር ቀረጥ ሕግ ወጣ። ጋዜጣ፣ የውል ወረቀት፣ ፈቃድ፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ቴምብር ካልተለጠፈበት ሕጋዊ አይሆንም ተባለ። ቅኝ ተገዢዎቹ የተቆጡት በገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። በፓርላማው ውስጥ እነሱ የመረጡት አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛ ባልተወከልንበት ምክር ቤት እንዴት ቀረጥ ይጣልብናል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በቦስተን ሕዝቡ ወጥቶ የቴምብር ሹሙን ምስል ሰቀለ፤ የባለሥልጣናት ቤት ተሰባበረ። ፓርላማው በ1766 ሕጉን ሻረው።

ፊሊስ በዚህ ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ሁለት ዓመት ቆይታ ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ግጥም ጻፈች። ሕጉ በመሻሩ ታመሰግናቸዋለች፤ መጨረሻው ላይ ግን የንጉሥ ፈገግታ ተገዢዎችን ነጻ ሊያወጣ እንደሚችል ታነሣለች። ስለ ማን ነጻነት እንደጻፈች አንባቢው ራሱ ይገምታል።

ሰላሙ አልቆየም። በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ቅጠል ላይ አዲስ ቀረጥ ተጣለ። የቦስተን ነጋዴዎች የእንግሊዝ ዕቃ አናስመጣም ብለው ተማማሉ። ሴቶች ከውጭ የሚመጣ ጨርቅ ትተው በቤታቸው ፈትል መፍተል ጀመሩ፤ ሻይ መጠጣት ያቆሙም ብዙ ነበሩ። መንግሥት ደግሞ ወታደር ላከ። በኦክቶበር 1768 ቀይ ካፖርት የለበሱት የእንግሊዝ ወታደሮች ከጦር መርከቦቻቸው ወርደው በኪንግ ጎዳና በከበሮ ተሰልፈው አለፉ። ፊሊስ ስለ መርከቦቹ መምጣት ግጥም ጽፋለች።

በፌብሩዋሪ 1770 ክሪስቶፈር ሳይደር የተባለ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ፣ የእንግሊዝ ዕቃ በሚሸጥ ነጋዴ ላይ በተነሣ ረብሻ ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። ቀብሩን በሺህ የሚቆጠር ሰው ሸኘው። ፊሊስም ሙሾ ጻፈችለት። ከሁለት ሳምንት ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ፣ በማርች 5 ምሽት፣ ከዊትሊ ቤት ብዙም በማይርቅ ቦታ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ ክሪስፐስ አታክስ የሚባል፣ አፍሪካዊና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ደም ያለው መርከበኛ ነበር። የቦስተን ጭፍጨፋ ተብሎ በታሪክ የተመዘገበው ይህ ነው። ፊሊስ ስለዚህም ጽፋለች። ያን ምሽት ተኩሱን በጆሮዋ ሳትሰማው አልቀረችም፤ ከቤቷ በር እስከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው።

አሥራ ስምንቱ ፊርማዎች

በዚያው ዓመት ጆርጅ ዋይትፊልድ የተባለ በሁለቱም የባሕር ዳርቻ እጅግ ዝነኛ የነበረ ሰባኪ ሲሞት ፊሊስ የጻፈችለት ሙሾ ታትሞ ቅኝ ግዛቶቹን አዳረሰ፤ እስከ ለንደንም ደረሰ። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሳትሞላ ታዋቂ ሆነች።

በ1772 ግጥሞቿን በመጽሐፍ ለማሳተም ተሞከረ። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ገዢዎች ስማቸውን አስመዝግበው ቃል መግባት ነበረባቸው። በቦስተን በቂ ገዢ አልተገኘም። ባሪያ የሆነች አፍሪካዊት ልጅ ይህን ጻፈች ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አሥራ ስምንት የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ግጥሞቹ በእርግጥ የእሷ ሥራ መሆናቸውን በፊርማቸው መሰከሩ።

የፈራሚዎቹን ስም ስናይ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። አንደኛው የንጉሡ ሹም፣ አገረ ገዥው ቶማስ ሀቺንሰን ናቸው። ሌላው ጆን ሃንኮክ ናቸው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በነጻነት አዋጁ ላይ በትልቅ ፊደል የፈረሙት ሰው ማለት ነው። በፖለቲካ ጠላት የነበሩ ሰዎች በአንዲት ባሪያ ልጅ ወረቀት ላይ አብረው ፈረሙ። ልጅቷ መጻፍ እንደምትችል ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ነጻ ትውጣ ብሎ ግን በዚያ ወረቀት ላይ የጻፈ አልነበረም። ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሎርድ ዳርትመዝ የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ቅኝ ተገዢዎቹ ከእሳቸው የተሻለ ነገር ተስፋ አደረጉ። ፊሊስም ግጥም ጻፈችላቸው። የግጥሙ መጀመሪያ እንደማንኛውም የአሜሪካ አርበኛ ጽሑፍ ነው፤ ሕገ ወጥ ሥልጣን በአገሩ ላይ የጫነው ሰንሰለት ይወገድ ትላለች። ከዚያ ግን ወደ ራሷ ትመለሳለች። የነጻነት ፍቅሬ ከየት እንደመጣ ብትጠይቁኝ ብላ፣ ከአፍሪካ ከወላጆቿ እቅፍ እንዴት እንደተነጠቀች፣ አባቷ ምን ያህል እንዳዘነ ታነሣለች። ይህን ሥቃይ የቀመሰ ሰው ሌላው በጭቆና ሥር እንዳይወድቅ መጸለዩ አያስገርምም የሚል ነው የመልእክቱ ፍሬ ነገር። በስንኞቿ ውስጥ ስለ ባርነቷ በግልጽ ከተናገረችባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የመረጠችው አድማጭ ደግሞ የእንግሊዝን መንግሥት ሚኒስትር ነበር።

ለንደንና የሻይዋ መርከብ

በሜይ 1773 ፊሊስ ከናትናኤል ዊትሊ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረች። ቦስተን ያላተመው መጽሐፍ በለንደን አሳታሚ አግኝቶ ነበር። በዚያ ሎርድ ዳርትመዝን አገኘች፤ መጻሕፍት እንድትገዛበት ገንዘብ ሰጧት። በዚያን ጊዜ ለንደን የነበሩት ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ሊጠይቋት መጡ። የባሪያ ንግድን በመቃወም የሚታወቁት ግራንቪል ሻርፕ ከተማውን አስጎበኟት።

ግራንቪል ሻርፕ ከአንድ ዓመት በፊት ከታየ አንድ ትልቅ ክርክር ጀርባ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1772 የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኛ፣ ወደ እንግሊዝ የመጣን ባሪያ ጌታው በግድ ከአገር ሊያስወጣው አይችልም ብለው ፈርደው ነበር። ፊሊስ ይህን አልሰማችም ማለት ያስቸግራል። ለንደን ብትቀር ማንም በኃይል አይመልሳትም ነበር። ነገር ግን ሱዛና ዊትሊ መታመሟ ሲሰማ መጽሐፉ ታትሞ ሳይወጣ በጁላይ ወር ወደ ቦስተን ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ፣ ከዚያ ዓመት ኦክቶበር አጋማሽ በፊት፣ ነጻ ወጣች። እሷ ራሷ እንደጻፈችው ነጻ ያወጧት በእንግሊዝ አገር ያሉ ወዳጆቿ ስለጠየቁላት ነው።

መጽሐፏ በሴፕቴምበር 1773 ለንደን ላይ ታተመ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊሊስ በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ፣ የላባ ብዕር ይዛ፣ እጇን በጉንጯ ላይ አድርጋ ስታስብ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከአፍሪካ የመጣች ሴት በእንግሊዝኛ ያሳተመችው የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፍ ይህ ነው።

ነጻ ከወጣች ወዲያ የምትኖረው በራሷ ገቢ ነበርና መጽሐፎቹ ተሸጠው ገንዘብ እንዲመጣ ትጠብቅ ነበር። መጽሐፎቹ ተጭነው ቦስተን የደረሱት በኖቬምበር 1773 መጨረሻ ነው። የጫናቸው መርከብ ስም ዳርትመዝ ይባላል። በዚያው መርከብ ሆድ ውስጥ ከመጽሐፎቹ ጋር 114 ሣጥን ሻይ ቅጠል ነበር። ይህ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻይ ቀረጥ የተጣለበትና የከተማው ሰው አይራገፍም ብሎ የማለበት ሻይ ነው። በዲሴምበር 16 ምሽት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መስለው የለበሱ ሰዎች ዳርትመዝንና ሌሎች ሁለት መርከቦችን ወጥተው ከ300 በላይ ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ጣሉ። የፊሊስ መጽሐፎች ከዚህ ተርፈው ለገበያ ቀረቡ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአንድ መርከብ ላይ ሁለት ጭነት መጣ። አንዱ ጭነት የአሜሪካኖቹ ቁጣ ሆነ። ሌላው ጭነት የአንዲት ነጻ የወጣች ሴት እንጀራ ነበር። የመጀመሪያው ስሙ ገነነ፤ ሁለተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

የጻፈችው ደብዳቤ

እንግሊዝ ለሻይው ቅጣት ከጁን 1774 ጀምሮ የቦስተንን ወደብ ዘጋች። ሥራ ቆመ፤ ችግር ገባ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፊሊስ ለሳምሶን ኦኮም ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ኦኮም ከአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሞሄጋን ወገን የሆነ ቄስ ነው። ደብዳቤው በጋዜጣ ታትሞ ብዙ ሰው አነበበው።

በዚህ ደብዳቤ ከዚህ በፊት በግጥም ሸፍና የተናገረችውን ገልጣ ጻፈች። እግዚአብሔር በሰው ልብ ሁሉ ውስጥ ነጻነትን የሚወድ ነገር አኑሯል፤ ይህ ነገር ጭቆናን አይታገሥም፤ በጥቁሮቹም ውስጥ ያው ነው አለች። አሳዳሪዎቹ እንዲጎዱ እንደማትፈልግ፣ የምትፈልገው ቃላቸውና ሥራቸው እንዴት እንደሚቃረን እንዲያዩት ብቻ እንደሆነ ገለጸች። ለራስ ነጻነት መጮኽና በሌላው ላይ ጨቋኝ መሆን አብረው እንደማይሄዱ ለመረዳት ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም በማለት በለዘበ ቃል ወጋቻቸው።

ይህን ያለችው እሷ ብቻ አልነበረችም። በ1773 በማሳቹሴትስ ያሉ ባሮች ነጻ እንዲወጡ ለአገረ ገዥውና ለምክር ቤቱ አቤቱታ አቅርበው ነበር። ምክር ቤቱ በለንደን ላይ አቤቱታ ሲጽፍ የራሱ ባሮች ደግሞ ለእሱ ይጽፉ ነበር። አቤቱታቸው መልስ አላገኘም።

ጦርነቱና ጄኔራሉ

ሱዛና ዊትሊ በማርች 1774 ሞተች። በኤፕሪል 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ጦርነቱ ተጀመረ። ቦስተን በእንግሊዝ ጦር እጅ ሆና በአሜሪካኖቹ ስትከበብ ፊሊስ ከሜሪ ቤተሰብ ጋር ወደ ፕሮቪደንስ ሸሸች። እዚያ ሆና በኦክቶበር ለአዲሱ የጦር አዛዥ ለጄኔራል ጆርጅ ዋሺንግተን የማበረታቻ ግጥም ከደብዳቤ ጋር ላከች።

ዋሺንግተን በቨርጂኒያ ርስታቸው ላይ ብዙ ባሮች የነበሯቸው ሰው ናቸው። ሆኖም በፌብሩዋሪ 1776 በአክብሮት መለሱላት፤ መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ ጠየቁ፤ ወደ ካምብሪጅ ብትመጣ ሊያዩዋት ደስ እንደሚላቸውም ጻፉ። ግጥሟ በዚያው ዓመት በጋዜጣ ወጣ። ለንጉሡ ግጥም የጻፈችው ልጅ ንጉሡን ለሚወጋው ጄኔራል ጻፈች ማለት ነው። አቋሟን እንዳገላበጠች የሚቆጥሩ ሊኖሩ ይችላሉ። እኛ ግን ስናነበው የምናየው ሌላ ነው። ነጻነትን የሚሰጥ ከመሰላት ሁሉ ዘንድ በሩን አንኳኩታለች፤ ንጉሡ፣ ሚኒስትሩ፣ ጄኔራሉ። የምታንኳኳበት ጉዳይ ግን ያው አንድ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1778 ጆን ዊትሊና ልጁ ሜሪ በተከታታይ ሞቱ። በዚያው ዓመት ፊሊስ ጆን ፒተርስ ከሚባል ነጻ ጥቁር ሰው ጋር ተጋባች። በ1779 ሁለተኛ መጽሐፍ ለማሳተም ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣች። ሠላሳ ሦስት ግጥሞችና አሥራ ሦስት ደብዳቤዎች የሚገኙበት፣ ለቤንጃሚን ፍራንክሊን የተበረከተ መጽሐፍ ሊሆን ነበር። ግን ዘመኑ የጦርነት ነው፤ ገንዘቡ ዋጋ አጥቷል፤ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አልተገኘም። በቀድሞው ጊዜ የነበሩት ባለጸጋ ደጋፊዎችም ሞተዋል ወይም ተበትነዋል። መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ፤ ረቂቁም ጠፋ።

በ1783 እንግሊዝ የአሜሪካን ነጻነት አምና ተቀበለች። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ዋና ዳኛ ባርነት ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ጋር እንደማይስማማ ገለጹ፤ በዚያ ምድር ባርነት መክሰም ጀመረ። በመላው አሜሪካ ግን እስኪቀር 1865 መጠበቅ ነበረበት። ፊሊስ በ1784 ስለ ሰላምና ነጻነት አንድ ግጥም አሳተመች። በግጥሙ ላይ የሰፈረው ስም ፊሊስ ፒተርስ የሚል ነው።

ባሏ በዕዳ ተይዞ ቤተሰቡ ችግር ላይ ወድቆ ነበር። ፊሊስ በዲሴምበር 5 ቀን 1784፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ገደማ፣ በቦስተን በድህነት አረፈች። የመቃብሯ ቦታ አልታወቀም። በአሜሪካ ምድር የመጽሐፏ የመጀመሪያ እትም የወጣው ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ በቦስተን በኮመንዌልዝ ጎዳና ላይ ከሌሎች ሁለት ታላላቅ ሴቶች ጋር ሐውልት ቆሞላታል። ከእነሱ አንዷ የሁለተኛው ፕሬዚደንት የጆን አዳምስ ሚስት አቢጌል አዳምስ ናት። በሐውልቱም ላይ ፊሊስ እጇን በጉንጯ አድርጋ ስታስብ ትታያለች።

ውድ ተማሪዎቻችን፤ ስለ አሜሪካ ነጻነት በሚቀጥለው ጊዜ ስትማሩ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ምን ጠየቁ የሚለውን ብቻ አትጻፉ። ጥያቄያቸው እውነት ነበር፤ በማይወከሉበት ምክር ቤት መገዛት አይገባቸውም ነበር። ነገር ግን በዚያው ጎዳና ላይ፣ በዚያው ቋንቋ፣ ያንኑ ጥያቄ የጠየቀች ልጅ እንደነበረች አስታውሱ። እሷ ጥያቄውን የራሷ ለማድረግ መጀመሪያ ማንበብ ነበረባት፤ ከዚያ መጻፍ፤ ከዚያ ደግሞ መጻፍ እንደምትችል በአሥራ ስምንት ሰው ማስመስከር። እናንተ ደብተራችሁን ስትከፍቱ ምስክር የሚጠይቃችሁ የለም። ወላጆችም በየማታው ልጆቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ስታስነብቧቸው የምትሰጧቸው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ከዚህች ሴት ሕይወት እንድታዩት እንወዳለን።